ማዶ ለማዶ

ሚያዝያ 9፣ ሰኞ

ሁለተኛው ማሽን ዛሬም ውኃ አንጠባጠበ። ከሥሩ ባልዲ አስቀመጥኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ከእንግዳ ማረፊያው ሠላሳ አራት አንሶላ መጣ። ሁሉም ዛሬውኑ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ መሄድ ነበረበት።

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ይፈልጋል። እማዬ ጥር ላይ ከሞተች ወዲህ ላውንድሪው ግድግዳ ላይ ሁለት ሚስማር መትቻለሁ። ሁለቱን ጫፍ ሚስማሩ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ሌላውን ሁለት ጫፍ ይዤ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፣ እወጥራለሁ፣ ተመልሼ እመጣለሁ። ይታጠፋል። ግን ሚስማር አያወራም። ሚስማር ሳላስበው አንሶላውን ሳብ አድርጎ በአፍጢሜ ሊደፋኝ አይሞክርም። እሷ በየቀኑ ነበር የምትሞክረው። ስንገዳገድ ሳቋ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። አብራን የምትሠራው ልብስ ተኳሿ «ነጎድጓድ» ያለቻት በዚህ ነው።

ቁርስ ላይ ልጄ «ለልደቴ ማንንም እንዳትጠሪ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ዝም ብዬ።»

አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። «ዝም ብዬ» ምን ማለት ነው?

ሚያዝያ 10

ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ። ማሽን ጠጋኙ «ነገ እመጣለሁ» አለ። ነገ የሚለው ቃል አያልቅበትም።

ሚያዝያ 13፣ ዓርብ

ይህ ደብተር የልጄ ነው። አምና ጀምራው የተወችው፣ ግማሹ ባዶ። ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። በምሳ ሰዓት ካልሲ ከምንለይበት ጠረጴዛ ጀርባ እቀመጥና... ሰው ሲገባ እዘጋዋለሁ።

እማዬ የተወለደችበትን ቀን አታውቅም ነበር። «ዝናብ ነበር አሉ። ሌላ የነገረኝ የለም» ትላለች። ልጄ ግንቦት 12 ስትወለድ ሕፃኗን ከአዋላጇ እጅ ተቀበለቻትና ፊቷን አየት አድርጋ፣ «ቀኑን ለሁለት እንካፈለዋለን። እኔም ዛሬ ተወልጃለሁ» አለች። አዋላጇ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ኬኩ ላይ የልጄ ሻማ በቁጥሩ ይሰካል፣ የእሷ አንድ ሻማ ዳር ላይ ይቆማል። «የእኔን ቁጥር ኬኩ አይችለውም፣ ይደረመሳል።» ልጄን በስሟ ጠርታት አታውቅም። «መንትያዬ» ነው የምትላት።

አንድ ሕግ ነበራት። የተወለደ ሰው ተቀምጦ ስጦታ አይጠብቅም። ኬኩ ሳይቆረጥ ይቆማል፣ የመጣውን ሰው አንድ በአንድ ያመሰግናል። «ስለመጣችሁ» ብሎ ማለፍ የለም። ሰውየው ያደረገልህን አንድ ነገር ፈልገህ መጥራት አለብህ። እሷና ልጄ በየተራ ይቆማሉ። ለላውንድሪው ባለቤት አንድ ዓመት «ካውያው ሲያቃጥለኝ ከእኔ በላይ ስለጮህክ አመሰግናለሁ» አለችው። ጎረቤታችንን ደግሞ «በግድግዳው በኩል ስታንኮራፊ ስለምሰማሽ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ አመሰግናለሁ።» ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ይጠርጋል።

ያን ጊዜ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ያን ድምፅ ለመስማት ምን ያህል መንገድ በእግሬ እሄድ ነበር...

ሚያዝያ 17፣ ማክሰኞ

አምና ልጄ ጓደኛዋን ጠራች። ጓደኛዋ ከእናት ከአባቷ ጋር መጣች። እናትየው ባንክ ነው የምትሠራው፤ ልብስ ለእኛ ነው የምታመጣው። ባልየው ሙሉ ሱፍ ለብሷል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ቤት ስጠርግ፣ የሶፋውን ቀዳዳ በትራስ ስሸፍን ነበር። ሰው እንድንመስል ፈልጌ ነው። ልብስ አጣቢ ያልሆንን እንድንመስል።

ተራው የእማዬ ሆነ። ቆመች። ባልየውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተን በመልክ ዛሬ ነው ያየሁህ፣ ልጄ። በሸሚዝ ግን አሥር ዓመት አውቅሃለሁ። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ኮሌታህ ላይ የከንፈር ቀለም አላገኘሁም። ሥራ ስላላበዛህብኝ አመሰግናለሁ።»

የሰውየው ጆሮ በርበሬ መሰለ። ከዚያ ሚስትየው ፈነዳች፣ ሁሉም ተከተላት። ልጄ ሆዷን ይዛ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች። እማዬ እጅ ነሥታ ተቀመጠች።

እኔ ብቻ አልሳቅኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ቀሪውን ነገ እጽፋለሁ።

ሚያዝያ 18

አልጻፍኩም። ሥራ በዛ።

ሚያዝያ 19

ሥራ አልበዛም።

ሚያዝያ 22፣ እሑድ

እንግዶቹ ሄዱ። እማዬ ሳህን ታጥባለች። ታንጎራጉራለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«እማዬ፣ ልጅቷ እኮ አፈረችብሽ።»

እጇ ሳሙናው ውስጥ ቆመ። «ማን? መንትያዬ?»

«ጓደኛዋ ፊት። ለአንቺ መናገር ከብዷት ለእኔ ነገረችኝ።»

ልጄ ምንም አልነገረችኝም። በዚያ ሰዓት የአያቷን መነጽር ዓይኗ ላይ እንዳደረገች እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ያፈርኩት እኔ ነኝ። «እኔ አፍሬብሻለሁ» ብላት ኖሮ ፎጣ ትወረውርብኝ ነበር። «ሂጂ ወዲያ፣ የማን ልጅ ሆነሽ ነው!» ብላ ትስቅብኝ ነበር። ያን አውቅ ነበር። እኔ ብናገር ምንም እንደማይሰማት አውቅ ነበር። ስለዚህ የሚያማትን ቦታ ፈልጌ፣ በልጄ እጅ መታኋት።

ሳህኑን አለቀለቀች። ሌላ አነሣች። «ልጅ አደገች ማለት ነው» አለች። «ደግ ነው።»

ማንጎራጎሩን አልቀጠለችም።

«ውሸቴን ነው» ለማለት ስምንት ወር ነበረኝ። ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ አንሶላ አጠፍን፤ በየአንሶላው መሐል ላይ ጣት ለጣት ተነካካን። ምን ያዘኝ? ነገ ነገ ስል... ማሽን ጠጋኙን ምን ብዬ ልማው?

ሚያዝያ 25፣ ረቡዕ

ዛሬ ተኳሿ ካውያዋን አቁማ እግሯን ስታሽ፣ «ያቺ እናትሽ እንዲህ እግሯ እያበጠ ማዶ ለማዶ ስትባዝን...» አለች።

«ምን ማዶ?»

«አንቺ! አታውቂም እንዴ?»

አላውቅም ነበር። እማዬ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሥራዋን ለተኳሿ ትታ ልጄን ከትምህርት ቤት ልታመጣ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር የሚመጡት። ከአምናው ልደት በኋላ ግን እማዬ በሩ ጋ አልቆመችም። ከመንገዱ ማዶ ትቆማለች። ልጄ ስትወጣ በዚህ በኩል ትሄዳለች፣ እሷ በዚያ በኩል ትከተላታለች። እስከ ቤት ድረስ።

«‹መንትያዬ ከእኔ ጋር ታይታ እንዳትሳቀቅ ነው› አለችኝ» አለች ተኳሿ። «‹ታዲያ ተያት፣ ትልቅ ልጅ ናት፣ ብቻዋን ትምጣ› ብላት፣ ‹መኪናው ማፈሯን መቼ ያውቃል?› አለችኝ። አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ልጅቷ ቦርሳዋ ከብዷት ዘመም ስትል፣ እናትሽ ማዶ ሆና የራሷን ትከሻ ታሻለች። እኔ ሳቅኩባት። እሷ አልሳቀችም።»

ቤታችን ከላውንድሪው ጎን ስለሆነ ዘጠኝ ተኩል ላይ ልጄ ብቻዋን ስትገባ አይቻለሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እማዬ እያለከለከች ስትገባ አይቻለሁ። «አብራችሁ አትመጡም እንዴ?» ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያታለሁ። «የእኔ እግር ኤሊ፣ የእሷ ጥንቸል» አለችኝ። አልገፋሁም። ለምን አልገፋሁም? ስለማውቅ ነው። ከላይ ከላይ አላውቅም፣ ከሥር አውቃለሁ።

ሚያዝያ 30፣ ሰኞ

የባንኳ ሴትዮ ሸሚዞቹን ይዛ መጣች። ስቆጥር «ዘንድሮስ ምስጋና የለም?» አለችኝ።

ቁጥሩ ተሳተብኝ። እሷ ቀጠለች። «ባለቤቴ እኮ እስከ ዛሬ ይፎክርብኛል። በተጣላን ቁጥር ‹እኔ ምስክር ያለኝ ሰው ነኝ! ለዚያውም አሥር ዓመት የታጠበ ምስክር!› ይለኛል። ጠቡ እዚያው ያልቃል።» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ነፍሳቸውን ይማር። እንደ እሳቸው አድርጎ ያመሰገነን ሰው የለም» አለች።

ሄደች። እኔ አሥራ አንዱን ሸሚዝ እንደገና ቆጠርኩ። እንደገና።

ማንም አላፈረም ማለት ነው። ልጄም፣ ሴትዮዋም፣ ያ ጆሮው የቀላው ሰውዬ እንኳ። እኔ ብቻ።

ግንቦት 5፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ላውንድሪ መጥታ ታግዘኛለች። ዛሬ አንሶላ እንድናጥፍ ሁለቱን ጫፍ ያዘች። አራተኛው ላይ ስንደርስ ወጥራ ይዛው ቆመች። ወደ እኔ አትመጣም።

«እማ... እምዬን እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«ምን?»

አያቷን «እምዬ» ነው የምትላት። ከአንሶላው ወዲያ ሆና ነገረችኝ። እምዬ ማዶ ማዶውን መሄድ ስትጀምር አዲስ ጨዋታ መሰላት። እምዬ ነገር መፍጠር ታውቅበታለች። ስለዚህ ልጄም ተጫወተች። እምዬ ሲደክማት እሷ ቀስ ትላለች። ጫማ መሸጫው ጋ ቆማ ጫማ የምታይ ትመስልና በመስታወቱ ውስጥ እምዬን ትፈልጋለች። እምዬ የመብራት ምሰሶ ኋላ ትደበቃለች። «ምሰሶው እኮ ግማሿን እንኳ አይሸፍናትም፣ እማ!» ይህን ስትል ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ተወችው።

ጥር ላይ አንድ ቀን ልታሸንፍ ብላ ዳቦ ቤቱ በር ኋላ ተሸጎጠች። እምዬ ስታጣት መኪና መሐል ገብታ ተሻገረች። «መንትያዬ! መንትያዬ!» እያለች ትሮጣለች። አንድ ጫማዋ ወልቆ ቀርቷል። ልጄ እየሳቀች ብቅ ስትል እምዬ እቅፍ አድርጋ ያዘቻት። ትንፋሽ አጥሯት አንድም ቃል አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን ወደቀች።

«ቀኑን አብረን ነበር የያዝነው» አለች። «እሷን ገድዬ ብቻዬን አላከብረውም።»

አንሶላውን ለቅቄ ሄጄ አቀፍኳት። የደም ግፊቱ የቆየ መሆኑን፣ ሐኪሙ «ዛሬ ነገ ሲል የቆየ በሽታ ነው» እንዳለ ነገርኳት። እውነት ነው፣ ብሏል። «አንቺ አይደለሽም። እናትሽ ስነግርሽ እመኚኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ጨዋታ ካልነበረ እምዬ ለምን ማዶ ማዶውን ትሄድ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ።

ግንቦት 6

እመኚኝ ብዬ ዋሸኋት።

ግንቦት 8፣ ማክሰኞ

የእማዬን አልጋ ልብስና አንሶላ እስካሁን አላጠብኩትም ነበር። ዛሬ አጠብኩት። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትገባ «ነይ ያዢልኝ» አልኳት። እማዬ «የተጣላ ሰው አንሶላ ይጠፍ። መሐል ላይ ሳይገናኝ አያልቅም» ትል ነበር። እኔና ልጄ አልተጣላንም። ግን ልንጣላ ነው፣ አውቄዋለሁ።

ወጥረን እንደያዝነው ነገርኳት። ሁሉንም። ማን እንዳፈረ። ማን አፈረ ብዬ እንደተናገርኩ። ለምን ማዶ እንደሄደች። ሳላሳምር ነገርኳት፤ ማሳመር ቢቃጣኝም ዋጥኩት።

«እምዬ አመነችሽ?»

«አመነችኝ።»

«እኔ ያፈርኩባት እየመሰላት ሞተች?»

«አዎ።»

ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁለቱን ጫፍ ቀስ አድርጋ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ተኝቶ ያለ ሰው ላለመቀስቀስ የምትጠነቀቅ ትመስል ነበር። የእማዬ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

የኔን ጫፍ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እስከ መቼ እንደቆምኩ እንጃ።

ግንቦት 9

አላናገረችኝም።

ግንቦት 10

አላናገረችኝም። ጨው ፈልጋ «አቀብዪኝ» ማለት ስላልፈለገች ከወንበሯ ተነሥታ፣ ጠረጴዛውን ዞራ ወሰደች። በዞረችበት መንገድ ራሱ እማዬን መሰለችኝ። ኩራቷ የእሷ ነው።

ግንቦት 11፣ ዓርብ

ጠዋት ጫማዬ ውስጥ ወረቀት አገኘሁ። የሚጠሩ ሰዎች፦ ተኳሿ። ጓደኛዬ ከእናት ከአባቷ ጋር። ከሥሩ ደግሞ፦ ሻማ አሥራ ሦስት።

አሥራ ሁለት የእሷ ነው። አሥራ ሦስተኛውን የት እንደምሰካ አልጻፈችም። አውቃለሁ።

ግንቦት 12፣ ቅዳሜ

የሶፋውን ቀዳዳ በትራስ አልሸፈንኩትም።

ልጄ ቆመች። መጀመሪያ የባንኳን ሴትዮ ባል አየችው። «በሸሚዙ በኩል ምስክርነቱን አሁን የምትሰጠው እናቴ ናት። ስለዚህ ይጠንቀቁ። ስለሳቁ ግን አመሰግናለሁ።» ሰውየው «እባክሽ አታስፈራሪኝ!» አለ። ሳቅ ሆነ። ጓደኛዋን አመሰገነች፤ እምዬ ስትሞት ትምህርት ቤት ውስጥ ምንም ሳትናገር ሳምንት ሙሉ አጠገቧ ስለተቀመጠች። ወደ ተኳሿ ዞረች። «እምዬ ከመንገድ ስትመለስ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ስለነከርሽላት አመሰግናለሁ።» ማን ነገራት? ራሷ ሄዳ ጠይቃ መሆን አለበት። ተኳሿ በመዳፏ ፊቷን ሸፈነች።

ከዚያ ዳር ላይ ያለችውን ሻማ አየች።

«እምዬ፣ ማዶ ሆነሽም ስለጠበቅሽኝ አመሰግናለሁ። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። አላፈርኩብሽም። አንድ ቀንም አላፈርኩብሽም።»

እኔ የምይዘው ፈልጌ የወንበሩን ጀርባ ያዝኩ።

«እማ...» አለች። አላየችኝም፤ ኬኩን ነው የምታየው። «ከብዶሽም ቢሆን እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።»

አሥራ ሁለቱን አጠፋች። አንዷን ማንም እንዲነካ አልፈቀደችም። እስክታልቅ ነደደች። ሰሟ ክሬሙ ላይ ፈሰሰ። ያንን ቁራሽ እኔ በላሁት።

ሳህን ሳጥብ መጣች። ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ፣ «ይቅር ግን ገና አላልኩሽም» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

ፎጣውን አንሥታ ሳህኖቹን ማድረቅ ጀመረች።

ግንቦት 14፣ ሰኞ

ቁርስ ላይ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ነይ» አለችኝ። ሌላ ቃል የለም። ተኳሿ «ሂጂ ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ። ለእማዬም እንዲህ ነበር የምትላት።

በሩ ጋ ቆምኩ። ከልጆች መሐል ወጣች፣ አየችኝ፣ በጣቷ አሳየችኝ። «አንቺ ማዶ።»

ተሻገርኩ። መራመድ ጀመረች፣ ጀመርኩ።

በዚያ በኩል ጥላ የለም። የእግረኛው መንገድ ተቆፋፍሯል፤ ዓይንን ከልጅ ላይ አንሥቶ እግር ሥር ማየት ያስፈልጋል፤ ዓይን ሲነሣ ልጅ ትጠፋለች። መኪና ሲያልፍ ይጋርዳል፤ እስኪያልፍ ድረስ ልጅ አለች ወይስ የለችም? ልጄ ቦርሳዋ ከብዷት ዘመም ስትል እጄ ሳላዘው ትከሻዬ ላይ ወጣ። በስንተኛው ቀን ነበር የእማዬ እጅ እንዲህ ያደረገው? ስምንት ወር... እኔ ሠላሳ ደቂቃ አልቻልኩትም።

ጫማ መሸጫው ጋ ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ ነው። ምሰሶው አጠገቤ ነበር። አልተደበቅኩም።

ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ዞረች። ፊት ለፊት ተያየን። መኪና አለፈ። ሌላም አለፈ። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፤ ለእኔ ነው የምታየው።

«እማ!» አለች ጮክ ብላ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ። «ተሻገሪ!»

ተሻገርኩ።

እጄን አልያዘችኝም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ «ያዢልኝ» አለችኝ። ከባድ ነው። እስከ ቤት ያዝኩላት።